መሀሉን ያላየች ጠራዥ

ታናሽ እህቴ መጽሐፍ ጠራዥ ናት። በማተሚያ ቤቱ የጥረዛ ክፍል ሴቶቹ ረጅም ጠረጴዛ ከበው፣ የታጠፈውን ወረቀት አንዷ በሌላዋ ላይ እየደረቡ ያሳልፋሉ። የእህቴ ድርሻ የመጨረሻውን እጥፍ ደርቦ ጀርባውን ማጣበቂያ መቀባት ነው። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏማ አይነሳ! የልጆች ተረት ሲታተም ታዲያ መጨረሻውን አሳምራ ታውቃለች። መሀሉን ግን አታውቅም፤ በእጇ አያልፍማ።

ማተሚያ ቤቱ ሌላ ቋንቋ ወደሚነገርበት ከተማ ሲዛወር ዕቃዋን ሸክፋ ተከተለችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንጀራዋ እሱ ነው። እኔም ማንም ሳይለምነኝ አብሬ ሄድኩ። የድሮው ሰፈራችን ከየአገሩ የመጣ ሰው የተጠራቀመበት ስለነበር ልጇን ከየት መጣሽ ያላት ሰው አልነበረም። ከመዝለሏ ብዛት ፌንጣ ነበር የምንላት። በአዲሱ ትምህርት ቤት ግን ልጆቹ ሁሉ ከአንድ ማህፀን የወጡ ይመስላሉ፤ መልካቸው አንድ፣ አነጋገራቸው አንድ። የእኛዋ አፏን በከፈተች ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ቋንቋቸውን አሳምራ ትችላለች፤ የሚያስቃቸው ቅላጼዋ ነው።

ፌንጣ መዝለሏን ተወች። በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤት ገብታ ደወል እስኪደወል እንደምትደበቅ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ፤ ለእናቷ ትንፍሽ እንዳልል አስምላ። እኔ ደግሞ ወዲያው ነገርኳታ! እንዲህ ያለውን ምን ሆድ ይችለዋል?

እህቴ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ስለ አንዲት አዲስ ተማሪ የተጻፈ ተረት ልትነግራት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ስሚኝ የኔ እናት፣ መጨረሻ ላይ እኮ ሁሉም ወደዷት። እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘፍናሉ።"

"ምን አድርጋ ወደዷት?"

"ምን ታደርጋለች፣ ወደዷት ነዋ!"

"እንዴት ግን እማዬ?"

እህቴ ብርድ ልብሱን አልብሳት ወጣች። በማግስቱ ምሳዋን ትታ የተበላሸ ቅጂ ፈልጋ መሀሉን አነበበችው። ለካ ልጅቱ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ልጅ አውጥታ ነው የወደዷት! እቤት መጥታ ስትነግረኝ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። የእኛዋ ጉድጓዱን ከየት ታምጣው?

ያን ምሽት አዲስ ሕግ ወጣ።

"ከዛሬ ጀምሮ እቤትም የምናወራው በእነሱ ቋንቋ ነው። ልክ እንደነሱ።"

"እኔስ? ምላሴን ቆርጬ ልጣል?" አልኳት።

"ለልጄ ስትይ እትዬ። ብቻዋን ሆና ልትሞትብኝ ነው።"

እሺ አልኩ፤ ምን እላለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ጨዋታ ነበር፤ እህቴ ቃል ስትስት ፌንጣ እየሳቀች ታርማታለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ወራት ሲያልፉ ልጅቷ ቅላጼዋን ጨርሳ ጣለች። ከሽንት ቤት ወጣች፣ ጓደኞች አፈራች። ፌንጣ ብለን ስንጠራት ፊቷን ታጠቁር ጀመር፤ እኛም ተውነው። እህቴ ግን ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። እኔም ልጅቷ ደስ ብሏት ስትበላ ሳይ ቅሬታዬን ዋጥ አደረግኩት።

ትምህርት ሲዘጋ ወላጆች ተጠሩ። እህቴ አንድ ለእናቱ የሆነ ቀሚሷን ለብሳ ሄድን። በሩ ላይ ማንም አይሰማንም ብለን በራሳችን ቋንቋ እያንሾካሾክን ገባን። ልጃችን ግቢው ውስጥ በልጃገረዶች ተከባ ትስቃለች።

"አየሻት እትዬ? እይማ እንዴት እንደምትስቅ!" አለች እህቴ ወደ እሷ እየጠቆመች።

ጠጋ ስንል የሚሳቅባትን አየናት። በዚያው ሰሞን የገባች፣ የእኛው አገር ሰው ልጅ ናት፤ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። የእኛዋ የልጅቷን አነጋገር እያስመሰለች ታስቃቸዋለች። ከሁሉም አብልጣ ትችልበታለች። እንዴት አትችል፣ የራሷ አልነበር?

ልጅቷ የእኛን ሹክሹክታ ሰምታ ኖሯል፤ ወደ እህቴ ሮጣ መጣች።

"እንደምን ዋሉ እትዬ?" አለቻት በቋንቋችን፤ ፊቷ በራ።

የእኛዋ ሳቋን አቋርጣ እናቷን አየች። ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች፤ እንዳትመልሺ ማለቷ ነው። አፌን ልከፍት ስል እህቴ ክንዴን ጨመቀችኝ።

"ምን አልሽ ልጄ? አልገባኝም" አለች በእነሱ ቋንቋ።

ልጅቷ ፊቷ ጠቆረ። አንዴ እኔን፣ አንዴ እህቴን እያየች፣ በእነሱ ቋንቋ፣ በዚያ በሚሳቅበት ቅላጼ "ይቅርታ" አለች። ልጆቹ እንደገና ሳቁ። የእኛዋም አብራ ሳቀች።