ሁለት የተላጨ ራስ

ፀጉር ቤት በር ላይ ሳልፍ የመላጫው ማሽን ድምፅ ከተሰማኝ ዛሬም አናቴን ይበርደኛል።

ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አገር ቤት ጦርነት ነበር፤ ስልክ ተቋርጦ እናቴ ትኑር ትሙት አላውቅም።

የአሠሪዬ ልጅ ትምህርት እንኳ አልጀመረችም። "አባዮ" ትለኛለች፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅን የሰሊጥ ዘይት እየቀባሁ ሹሩባ እሠራታለሁ።

አንድ ሰሞን ራሷን እያመማት ታስመልስ ጀመር። ስትሄድም ግድግዳ ትይዛለች። እናቷ ቁርኣን የተቀራበት ውኃ አፈሰሰችባት፤ እኔም በልቤ የአገሬን ጠበል ለመንኩላት። ትኩሳት ሲጨምርባት ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ የተነሳችውን የጭንቅላት ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ብዙ አዩት።

"ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ አለ። ዕጢው ደግሞ መግል ቋጥሯል። እንዲህ ያለው ብዙ አይገጥመንም" አሉ። መጀመሪያ መግሉ ይቀዳል፤ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቷት ትኩሳቱ ሲበርድ ዕጢው ይወጣል። ከዘገየ ግን መግሉ ፈንድቶ ይገድላታል።

ለቀዶ ጥገናው ራሷን በማሽን መላጨት ነበረባት፤ ልጅቷ ግን ፀጉሯን አላስነካ አለች። ራሷን በሁለት እጇ ይዛ "አባዮም ትላጭ!" ብላ ጮኸች።

እናቷ በእንባ አየችኝ። በእኛ አገር ሴት ራሷን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው። የእናቴን ሞት በገዛ እጄ የምጠራ መሰለኝ። ይህን ለመናገር አፈርኩና ሻሼን ፈታሁ።

"እኔን አስቀድሙኝ።"

ሹሩባዬ ጭኔ ላይ ሲወድቅ ልጅቷ በሕመሟ መሐል ሳቀች። "እንቁላል መሰልሽ!" አለችኝ። ከዚያ ራሷን ለማሽኑ ሰጠች።

አንዲት ያገሬ ልጅ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ደረቷን መታች። "ማን ሞተብሽ?"

"ማንም።"

"እናትሽን ቁጭ አድርገሽ? በስመ አብ!"

መግሉ ተቀዳ፤ ቆይቶም ዕጢው ወጣ። ልጅቷ ቀሚሴን ይዛ በእግሯ ቤት ገባች። እናቷ "አልሐምዱሊላህ" እያለች የእኔንም መላጣ ሳመችው።

ስልክ ሲከፈት አጎቴ ነገረኝ። እናቴ ካረፈች ቆይቷል። ጓሮ ተቀምጬ ገና የበቀለው ፀጉሬ ላይ መቀስ አነሳሁ። ልጅቷ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ጠባሳዋን በአንድ ጣቷ እየዳሰሰች፣

"ማን ታመመ፣ አባዮ?" አለችኝ።

መቀሱን አስቀመጥኩ። ራሷን ጭኔ ላይ አደረገች። በጠባሳው ዙሪያ የበቀለው ፀጉር ለሹሩባ አይበቃም ነበር፤ ዘይት ብቻ ቀባኋት።