ሳይታሽ የተቀባ በር

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ መኪናው አምስት ዓመት ግቢያችን ውስጥ ቆመ። አፍንጫው ወደ ፊት የወጣ የድሮ የጭነት መኪና ነው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ባለቤቴ ከናዝሬት ይዞት ወደ ጅግጅጋ መጣ፤ እኔንም በእሱው ጭኖ አመጣኝ። ሐርተሼክ መጠለያ ለነበሩት የሶማሊያ ስደተኞች ዱቄት ያመላልስበት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ መኪና በልተን አደርን።

ልጄ ሥራ ከያዘ በኋላ አንድ ቀን «እማዬ፣ የአባዬን መኪና እንደ ድሮው ቀይ ላድርገው» አለኝ። ያሳሰበኝ መኪናው አልነበረም፤ ግራ በሩ ነው።

በዚያ በር ላይ የሴት ልጃችን ስም ተጽፎ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ናት፤ እዚሁ ጅግጅጋ ወለድኳት። በተወለደች በሳምንቷ አባቷ ቢጫ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ገዝቶ መጣና ቀዩ በር ላይ በገዛ እጁ ስሟን ጻፈ። ሦስት ፊደል ነው። የእጅ ጽሕፈቱ የሚያምር ሰው አልነበረም። የመጨረሻዋ ፊደል ቦታ አነሳትና እጀታው ሥር ገብታ እግሯ ታጠፈ። ሳቅኩበት።

«ምን ያስቅሻል? እኔ እንደሆን አንብቤዋለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ መኪናው በስሟ ይጠራ ጀመር። በድሬዳዋ መንገድ ባቢሌ ላይ ለውዝ የሚሸጡት ሴቶች ከሩቅ ሲያዩት በስሟ ይጣሩ ነበር። ኬላ ላይ የሚቆሙትም እንደዚያው። እሱንም የእሷ አባት እያሉ እንጂ በስሙ የሚጠራው አልነበረም።

በአምስት ዓመቷ ኩፍኝ ወሰዳት። ፎቶ አላነሳናትም። ለጥምቀት አዲስ ቀሚስ ስትለብስ እናነሳታለን ብለን ነበር።

አርባዋን ካወጣን በኋላ እሱ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ድሬዳዋ ደርሶ መጣ። ከሁለተኛው በኋላ መኪናውን ድሬዳዋ አቁሞ ሰነበተና፣ ሲመለስ መኪናው ሰማያዊ ሆኖ ገባ። ግቢው መሐል ቆሜ በሩን አየሁ። ስሟ የለም።

«የት አደረግካት?» አልኩት።

«ቀባሁት» አለኝ።

ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ባለቤቴ መኪናውን ራሱ ነበር የሚቀባው። ከመቀባቱ በፊት ቀኑን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ያሻዋል። ሳይታሽ የተቀባ ቀለም እንደማይዝ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። ስለዚህ ስሟንም አሽቶ፣ አቧራ አድርጎ፣ አራግፎ ጥሎታል ብዬ አመንኩ። ይህን በሆዴ ይዤ አብሬው ብዙ ዓመት ኖርኩ። አበሰልኩለት፣ አጠብኩለት፣ ወንድ ልጅ ወለድኩለት፤ ይህን ግን አንድም ቀን አላነሳሁበትም። ለንስሐ አባቴ ብቻ ተናግሬአለሁ። ሲሞት እጁን ይዤ ነበር። ያኔም አልጠየቅኩትም።

እናም ልጄ አንድ የሰፈራችንን ሰው ይዞ መጣ። ሶማሌ ነው፣ የመኪና አካል ሠራተኛ፤ ዓረብ አገር ብዙ ዓመት አሮጌ መኪና ሲያድስ ኖሮ ተመልሷል። መኪናውን ዞሮ እያንኳኳ አየው።

«ቀለሙን ለማስለቀቅ አሸዋ አልነፋበትም» አለ። «አሸዋ ቆርቆሮውን ያጣምመዋል። በሶዳ ነው የምልጠው።»

«በምን ሶዳ?» አልኩት።

«ወጥ ቤትሽ ባለው ነዋ፣ ሆዮ። ባቄላ ላይ የምትጨምሪው።»

ሆዮ በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ።

«እና መኪናውን ልትቀቅለው ነው?»

«ባቄላውን ይሰብረዋል እንዴ? ልጣጩን ብቻ አይደል የሚያወልቀው? ይሄም እንደዚያው ነው። ብረቱን አይነካም፣ መስታወቱን አይነካም፤ ልጣጩን ያወልቃል።»

ሶዳውን በጆንያ አስመጣ። ዱቄቱን አንድ በርሜል የመሰለ ነገር ውስጥ ይጨምራል፤ ኮምፕሬሰሩ አየር ሲሰጠው ዱቄቱ ከበርሜሉ በሚወጣው የጎማ ቱቦ ጫፍ እየተወረወረ ቀለሙን ይመታል። ሰማያዊው ይለቃል፣ ቀዩ ይለቃል፣ ብረቱ ብቅ ይላል። የሞተሩን ክዳን ኮፋኖውን በመጀመሪያው ቀን፣ ጭቃ የሚከላከሉትን ፓራፋንጎዎች በሁለተኛው ጨረሰ። ግቢው ሁሉ ነጭ ሆነ። ዶሮዎቼ እንኳ ነጭ ሆኑ።

የበልግ ዝናብ ነበር። ሶዳው እርጥበት እየሳበ ይጓጉላል፤ ጎማው ይታፈናል። ሰውዬው ጎማውን እያራገፈ በሶማሊኛ ሲናገር ትርጉሙን ባላውቅም ጸሎት እንዳልሆነ ገባኝ። የዱቄት ወንፊቴን አወጣሁና ጥግ ይዤ ሶዳውን መንፋት ጀመርኩ።

«ሆዮ፣ ደሞዝ ልቁረጥልሽ?» አለኝ።

«ሥራህን ሥራ» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግራ በሩ ብቻ ቀረ። ወንፊቴን አስቀምጬ ወደ ሰውዬው ተጠጋሁ።

«ልጄ፣ ይህን ቀስ በለው።»

«ምን አለው?»

«ከሥሩ ጽሑፍ ነበረ። ይኑር ይጥፋ አላውቅም።»

«ምን የሚል?»

«የልጅ ስም።»

አየኝ። አየሩን ቀነሰ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ጎማውን ከእጀታው በኩል አስጠጋ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ከጎኑ ቆምኩ። ሰማያዊው መሰንጠቅ ጀመረ። ከሥሩ ቀይ መጣ። ከዚያ ቢጫ። እግሯ የታጠፈው የመጨረሻዋ ፊደል።

በዚያው ቅጽበት ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ኮምፕሬሰሩን አጠፋ።

«ሆዮ፣ ሰግጄ ልምጣ» አለ። ወደ ቧንቧው እየሄደ ጢሙን ዳሰሰው፤ ነጭ ሆኗል። «ሚስቴ ዛሬ ማን ሽማግሌ መጣብኝ ትላለች።»

ትንሽ ቆይ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰውን ከጸሎቱ አስቀርቼ የማገኘው ነገር እንዲኖር አልፈለግኩም። ውኃውን እኔው ቀዳሁለት።

እሱ ምንጣፉን አንጥፎ ሲሰግድ እኔ በሩ ፊት ቆምኩ። አንድ ፊደል ምንም አይነግረኝም። እጀታው ሥር ናት፤ የብርጭቆ ወረቀት እዚያ ስለማይገባ ይሆናል የተረፈችው። ሌሎቹን ፍቋቸው ይሆናል። አባታችን ሆይን ጀመርኩ። «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ቃሉ አልወጣ አለኝ። እንደገና ጀመርኩ። እዚያው ላይ ቆምኩ።

ሰውዬው ተመለሰና ኮምፕሬሰሩን አስነሣ። ሁለተኛዋ ፊደል ወጣች። የመጀመሪያዋም ወጣች። ሦስቱም ሙሉ ናቸው፤ ትናንት የተጻፉ ይመስላሉ።

ጎማውን አስቀምጦ በሩን በጣቱ ዳሰሰ። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።

«ሆዮ፣ ይህን ሰማያዊ የቀባው ማነው?»

«ባለቤቴ።»

«ሥራ የሚያውቅ ሰው ነበር። ሌላውን ሁሉ አሽቶ ነው የቀባው። የወረቀቱ ጭረት ቀዩ ላይ አለ፤ ሦስት ቀን ያታገለኝ እሱ ነው። እዚህ ግን…» አለና ፊደሎቹ መሐል የቀረች ትንሽ ሰማያዊ በጥፍሩ ነካ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥታ መጣች። «እዚህ አላሸም። እዪ፣ እስከዚህ ድረስ አሽቷል፤ ስሙ ጋ ሲደርስ እጁን መልሷል።»

አየሁ። ጭረቱ ስሟን ከላይም ከታችም ይዞረዋል፤ አንድ ጣት ያህል ቦታ ትቶ ፊደሎቹን አይነካም። በታጠፈችው እግር በኩል እንኳ አብሮ ታጥፏል።

«ረስቶት ይሆናል» አልኩት። ከሌላ ሰው አፍ ልሰማው ፈልጌ ነው።

«ወላሂ፣ የረሳ ሰው እንዲህ አይዞርም።»

የሶዳው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ውኃ ልጠጣ ብሎ ወደ ቧንቧው ሄደና ብዙ ቆየ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ባቢሌን አሰብኩ። ከቀበርናት በኋላ ሁለት ጊዜ በዚያ አልፎ መጥቷል። ሴቶቹ ለውዛቸውን ይዘው እየሮጡ፣ በስሟ እየተጣሩ፣ እሱ መሪውን ይዞ። ይህን ለምን እስከዚያ ቀን እንዳላሰብኩት አላውቅም። ጠይቄው ቢሆን ምናልባት ይነግረኝ ነበር። እሱም ቀባሁት ነው ያለኝ፤ ፋቅኩት አላለኝም።

ልጄ ከሥራ ሲመጣ በሩን አሳየሁት። እሱ የተወለደው እሷ ከሞተች በኋላ ነው።

«የአባዬ ጽሕፈት ነው?»

«የአባትህ ነው።»

«ይህቺ ምን ሆና ነው እግሯን ያጠፈችው?»

«ቦታ አንሷት» አልኩት። ሳቅን። ከዚያ እሱ አለቀሰ።

በማግሥቱ ሰውዬው መኪናውን ሁሉ በአቼቶና በውኃ አጠበ፤ ሶዳው ከቀረበት አዲሱ ቀለም አይይዝም። ልጄ ስሟ ሳይቀባ እንዲታይ እንተወው አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። መንገደኛ ሁሉ እንዲጠራት አልፈለግኩም።

«አባቷ እንዳደረገው አድርጉት» አልኩ።

«ሳላሸው?» አለ ሰውዬው።

«ሳታሸው።»

«ሆዮ፣ ይላጣል። ማን ነው ይህን የቀባው ሲባል እኔ ነኝ የምሰደበው።»

«ለእሱ ይዞለታል» አልኩት።

ሌላውን ሁሉ አሽቶ፣ ስሟን ሳይነካ በቀይ ቀባው። እኔ ከመሸፈኑ በፊት ሦስቱንም ፊደል በጣቴ ተከትዬ ጽፌአቸዋለሁ።

መኪናው አሁንም ግቢያችን ውስጥ ነው፤ ልጄ እሑድ እሑድ ያስነሣዋል። ባለፈው ክረምት እጀታው ሥር ቀለሙ ጥፍር ያህል ተነሣ። ከሥሩ ቢጫ ይታያል። ልጄ ሰውዬውን ልጥራው አለኝ። ተወው አልኩት። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በዚያ በኩል ነው የማልፈው።