ሁለቱን ያገናኘች ስልከኛ

የአገሪቱ መሪ ጽሕፈት ቤት ስልከኛ ናት። ምድር ቤት ባለችው መስኮት አልባ ክፍል ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ስትውል ስታድር ጸጉሯ ሸበተ። ትልቅ ትንሹ «እትዬ መስመር» ይላታል። በጆሮዋ ያላለፈ የመንግሥት ምስጢር የለም። የሰማችውን ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ስለምትተወው፣ ልብስ ሰፊው ባሏ እንኳ አንዲት ቃል ከአፏ አውጥቶ አያውቅም። «እኔ ያገባሁት ሣጥን ነው፤ ቁልፉም የለኝ» እያለ ይቀልድባታል።

በዚያ ሰሞን ገዢው ፓርቲ ጉባኤ ተቀመጠ። አዛውንቱ መሪ ደክሞኛል ብለው ሊቀ መንበርነቱን ለቀቁ፤ ምክትላቸው ተመረጠ፤ የመንግሥቱም ሥልጣን አብሮ ወደ እሱ ዞረ። ሰፈርተኛው «ያው በገሌ!» ብሎ አለፈው። ፓርቲው ያው፣ ሕንፃው ያው።

እትዬ መስመር ግን ከንፈሯን መጠጠች። ምክትሉን ከጀማሪ ሠራተኛነት አንስተው እንደ ልጃቸው ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና፣ ከምርጫው በፊት በጉባኤው ፊት «የደከመ እጅ መሪ አይዝም» ብሎ ተናገረ። አዛውንቱ እጁን እንኳ ሳይጨብጡት አዳራሹን ጥለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

አዲሱ መሪ ቢሮ በገባበት በመጀመሪያው ጠዋት ስልኳ ጠራ።

«እትዬ መስመር፣ እኔ ነኝ።»

የአዛውንቱን ድምፅ ስትሰማ ሳታስበው ከወንበሯ ተነሣች። «ጋሼ! ደኅና አደሩ? ምን ልታዘዝ?»

«ምንም። እንዲያው… ቤት መዋል አልለመድኩም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ያ ልጅ ቁርስ በልቷል? ሲጨነቅ እህል አይቀምስም። ጨጓራው ደግሞ ክፉ ነው።»

እንባዋ መጣ። «ላገናኝዎት?»

«ተይ፣ አያነሣም።»

«እስቲ አይዝጉብኝ።»

ማንንም እንዳታገናኝ ታዝዛ ነበር። ቢሆንም ወደ ላይኛው ቢሮ ደወለች።

«እስከ ምሳ ሰዓት ማንንም አታገናኚ አላልኩም?» አለ አዲሱ መሪ።

«ብለዋል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋሼ ደውለው ‹ቁርስ በልቷል?› ብለው ጠየቁኝ።»

እንጀራዬን ዘጋሁ ብላ ስትፈራ፣ «አልበላሁም በያቸው» አለ። ወዲያው ግን፣ «አይ፣ ራሴ ልንገራቸው። አገናኚኝ፣ እትዬ።»

አገናኘችና ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ይህ ጨዋታ ለእሷ ጆሮ አልነበረም። ሰሌዳው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በርታ ቆየች፤ ልትጠፋ ነው ስትል አትጠፋም። በሌላው ስልክ የመጣውን ሁሉ፣ አንድ የተቆጣ ሚኒስትር ጭምር፣ «መስመሩ ተይዟል» እያለች መለሰች።

እሑድ ዕለት አዲሱ መሪ ወደ አዛውንቱ ቤት ሄደ። በማግስቱ ሾፌሩ ምድር ቤት ወርዶ የሆነውን ሁሉ አጫወታት፦ በር ላይ ተቃቅፈው ሁለቱም አለቀሱ፤ ሻይ ቀርቦላቸው ገና ሳይጠጡ ግን በውኃ ዋጋ ነገር ይከራከሩ ጀመር፤ ድምፃቸው እስከ ግቢው በር ይሰማ ነበር።

«እንደገና ሳይጣሉ አልቀሩም» አላት በስጋት።

«ኧረ ወዲያ!» አለችው እየሳቀች፤ «የተኳረፈ ሰው መቼ ይከራከራል?»