የሐጂ ኢድሪስ ኮምፒውተር

ከገንዳ ውሃ ከተማ የወጣሁት ገና ጎህ ሲቀድ ነው። እናቴ ካየሁሽ አላስኬድሽም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በውጊያው መንገዱ እየከፋ ደንበኛ ስለጠፋ፣ ሬዲዮና ሞባይል የምጠግንባትን ሱቅ ዘግቼ ነበር። ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ስሄድ እዚያም ጦርነት እንዳለ እያወቅሁ ነው፤ ፍርሃቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ።

በመተማ ድልድዩን ተሻግሬ ጋላባት ስደርስ አንድ የሱዳን ፖሊስ ሻንጣዬን በርብሮ መበየጃዬን አወጣና ምንድን ነው አለኝ። በተሰባበረ ዐረብኛ ሊድ የማቀልጥበት ነው አልኩት። ድልድያችንን እንዳታቀልጪብን ብሎ ሳቀ። መበየጃዬን ተቀብዬ አለፍኩ።

የገዳሪፍ ሙቀት የኛው ነው። ኪስራ የሚሉት ስስ ቂጣቸው ግን ከሩቅ እንጀራ ይመስልና ቀርበው ሲቀምሱት ሆድ ያባባል። ብቻዋን ለመጣች ሴት ቤት የሚያከራይ ጠፋ። በመጨረሻ ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ሥራዬን ጠየቁኝ። ጥገና ስላቸው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሠራ፣ ዕድሜው ከኔ የሚበልጥ ኮምፒውተር አመጡ።

ሟች ባለቤታቸውም አስተማሪ ነበሩ። በትምህርት ቤታቸው ትልቅ ማሽን ላይ አንድ ፕሮግራም ጽፈውላቸው በካሴት ትተዋል። የቤቱ ኮምፒውተር ግን ሚሞሪው ስለሚያንሰው ካሴቱን አይጭንም። የሚተኩትን የሚሞሪ ቺፖች ራሳቸው ሴትዮዋ ገዝተው ነበር፤ ደፍሮ የሚገጥም ስለጠፋ ለዓመታት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠዋል። ካሠራሁት ክፍሉን እንደሚያከራዩኝ ነገሩኝ።

«ካቃጠልሽው ሌላ የለኝም» አሉ።

እኔም ሌላ ማደሪያ አልነበረኝም።

ስምንቱን አሮጌ ቺፖች አንድ በአንድ ነቅዬ አዲሶቹን በየድኩ። መብራት መጣ ሄደ ስለሚል መበየጃው በመሃል እየቀዘቀዘ አስቸገረኝ። ስከፍተው ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ።  ፈትቼ አንድ በአንድ ስመረምር የአንዱ ቺፕ እግር ታጥፎ ቀዳዳውን ስቷል። አቃንቼ መልሼ በየድኩት።

ካሴቱን በቴፕ ስናጫውተው ሲጮህ፣ ሲጮህ ቆየና ቴሌቪዥኑ ላይ ጽሑፍ ብቅ አለ። ዐረብኛ ስለማላነብ ሐጂን አየኋቸው። ስም ይጠይቃል አሉኝና በአንድ ጣታቸው ስማቸውን ጻፉ። የመጣውን መልስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ።

«ኢድሪስ፣ ዛሬም አረፈድህ። ተቀመጥ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጀለቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ። የክፍሉን ቁልፍ የሰጡኝ ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ ለእናቴ ደውዬ ቤት አገኘሁ አልኳት። መቼ እንደምመለስ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ወሬውን ወደ ሰሊጡ አጨዳ መለስኩት። ድምፄ አላማራትም መሰለኝ፣ የሰፈርሽን ባጃጅ ላሰማሽ ብላ ስልኩን ይዛ ወደ አስፋልቱ ወጣች። ኔትወርኩ ስለተበላሸ እኔ ዘንድ የደረሰው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰማሁ፣ እማ» አልኳት።