ስድስተኛው መስመር

ከዘወትር ጸሎት መጽሐፌ አጠገብ አንዲት ጥቁር ድንጋይ አለችኝ። ጠዋት፣ የቦረና ሙቀት ሳይደርስባት ወደ አፍንጫዬ ጠጋ ሳደርጋት የተወለድሁባት የአርብ ገበያ ክረምት ይሸተኛል፤ እርጥብ አፈርና ጭቃ የያዘ የላስቲክ ጫማ። ሳነሣት በሁለት እጄ ነው።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሼ ለእረፍት ስመጣ የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ ይዤ ነበር። ስድስት መስመር አለው። እኔ ከልጅነቴ የምፈልገው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእንስሳት ሕክምና። ላማችን አልበላም ስትል አፏን ከፍቼ ምላሷን የማየው እኔ ነበርሁ። ጎረቤት እንኳ በሬው ሲያነክስ የሚጠራው እኔን ነበር።

የንስሐ አባታችን ጸበል ጸዲቅ ሊቀምሱ እንደተቀመጡ ቅጹን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

"የምትወጅውን የቱ ላይ ልትጽፊ ነው?"

"አንደኛው ላይ ነዋ፣ አባ።"

"ተይ! ታቦት ሲወጣ ከፊት የሚሄደው ማን ነው?"

"የሰንበት ተማሪዎች።"

"ታቦቱስ?"

"ከኋላ።"

"እንግዲህ! ክቡር ነገር ከኋላ ነው። ከፊት ካደረግሽው ስስት ይመስልብሻል። ቅጹን የሚያዩትም የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ይኼ አይጠፋቸውም።"

አባቴ "እውነት ነው" አለ። እናቴ ድንች እየላጠች፣ "ይፍቱኝ አባ፣ ለኔ ግን አንደኛ ማለት አንደኛ ይመስለኛል" አለች።

"አንቺ ደግሞ፣ መቼ ቅጽ ሞልተሽ ታውቂያለሽ?" አላት አባቴ። እሱም ሞልቶ አያውቅም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ከእናቴ ጋር ነበር። ግን በንስሐ አባቴ ፊት ስስታም መባልን ፈራሁ። የእንስሳት ሕክምናን አሳምሬ ስድስተኛው ላይ ጻፍሁ። የሰንበት ተማሪዎቹን ቦታ ደግሞ ምን እንደሆነ እንኳ ለማላውቀው ለጂኦሎጂ ሰጠሁት።

ጂኦሎጂ ደረሰኝ።

ወደ ቤት ስደውል አባ እዚያ ነበሩና ስልኩን ተቀበሉ። "ስለ ምንድን ነው እሱ?"

"ስለ ድንጋይ፣ አባ።"

"ድንጋይ ከሞላበት ከጋይንት ተነሥተሽ ድንጋይ ልትማሪ ሄድሽ?" አሉ። ከኋላቸው እናቴ ስትስቅ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር፣ ከመንገድ ያነሡትን ድንጋይ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። "ይቺስ? ትጠቅምሻለች?" ሁሉም ያው አገሩን የሞላው ጥቁር ድንጋይ ነው። "ትጠቅመኛለች፣ አባ" እላለሁ። ውሸት ነው፤ እሱን ኃጢአት ለሳቸው ተናዝዤው አላውቅም።

አሁን ቦረና ውስጥ የውሃ ጉድጓድ በሚቆፈርበት እሠራለሁ። ውሃው ሲወጣ ቀድመው የሚደርሱት ከብቶች ናቸው። ምላሳቸውን ሳላይ አላልፍም።

ባለፈው ዓመት ለአባ ተዝካር ስሄድ ባለቤታቸው አንድ ካርቶን አወጡልኝ። "ላንቺ እያሉ የለቀሙት ነው። በተራ የደረደሩትም እሳቸው ናቸው፣ እንዳታዘበራርቂያቸው ብለዋል።"

ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ያው ጥቁር ድንጋይ፣ ያው ጥቁር ድንጋይ። ከሁሉም በታች፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ይቺ በሁለት እጄ የማነሣት ድንጋይ ነበረች።