ሎሚ ያጋለጠው ሸክላ

ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለኩራት አይደለም፤ የሚከተለውን ያደረገው ኬሚስትሪ የማያውቅ ሰው ነው ብላችሁ እንዳትምሩኝ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በሰባተኛው ወር ባለቤቴ «ወይ ሥራ ያዝ፣ ወይ ከወጥ ቤቴ ውጣልኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ድንች እንዴት እንደሚቀቀል ሳይቀር ላስተምራት ስል ሰንብቻለሁ። ስለዚህ ሸክላ ሠሪ ሆንኩ። ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ያለው ቤታችን ጓሮ ውስጥ፣ ሸጎሌ የሚሠራ አንድ በያጅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሠራልኝ። ምድጃው ሲበራ የጎረቤቱ አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል፤ ሙቀቱ ግን እንደ ጩኸቱ አልነበረም።

ጭቃ የምገዛው ቀጨኔ ካሉ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድስትና ጀበና ሠርተዋል። እኔ ሦስት ሳምንት የሠራሁት ሰውዬ «የእርስዎ ዕቃ ጥሩ ነው፣ ግን አያብረቀርቅም፤ ዘመናዊነት ይጎድለዋል» አልኳቸው። አልተቆጡም። «የኛው ሲገዛ በዘይት ይሟሻል፣ በቃ። የእርስዎ የሚያብረቀርቀው በምንድን ነው? ምን እንደገባበት ያውቁታል?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ግን ሃያ ደቂቃ ሙሉ መለስኩላቸው።

የሚያብረቀርቀው ቅብ መርካቶ በፌስታል የተሸጠልኝ፣ ምንም ያልተጻፈበት ዱቄት ነው። ከዚያ በፊት የሞከርኳቸው ዱቄቶች ምድጃዬ ውስጥ አልቀልጥ ብለው እንደ አሸዋ ሻክረው ይወጡ ነበር። ይኼኛው ግን እንደ ቅቤ ቀለጠ። በትንሽ ሙቀት እንዲህ በቀላሉ የሚቀልጥ ቅብ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ ያ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው፣ ሊኖርበት እንደሚችል መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ምድጃዬ ጎበዘ ብዬ ተደሰትኩ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ነው።

ስድስት ጎድጓዳ ሳህኖች ሠርቼ አንዱን ለቤታችን አስቀረሁ። አምስቱን ዳቦ ቆሎ ሞልቼ ለጎረቤት አደልኩ። ከሁሉ ያማረውን፣ አረንጓዴውን፣ ፊት ለፊታችን ሱቅ ላላቸው ባልና ሚስት ሰጠሁ። ሚስትየዋ ከስድስት ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደ እንቁላል ነበር የሚይዛት።

ቤት በቀረው ሳህን ቅዳሜ ለሰላጣ ሎሚ ጨምቄ፣ የተረፈውን ሳልደፋ ረሳሁት። ሰኞ ጠዋት ላጥበው ሳነሳው ሎሚው የነካው ቦታ ሁሉ ወዙ ጠፍቶ፣ ገርጥቶ፣ በጣቴ ስዳስሰው ሻከረኝ። አሲዱ ቅቡን በልቶታል። ከቅቡ የወጣው ነገር የት ገባ? ሎሚው ውስጥ። ይህን ዓይነት ጥያቄ ፈተና ላይ እያወጣሁ በሳቱት ልጆች ላይ ሳሾፍ ኖሬያለሁ። እርሳስ መሆኑን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ ለመፍራት ግን ያ የገረጣ ክብ ይበቃኝ ነበር።

ወዲያው ሳህኖቹን ልሰበስብ ወጣሁ። መውጣቱንስ ወጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አፌ እንቢ አለ። «ቲቸር መርዝ አደለን» ሲባል ታየኝ። ስለዚህ በየበሩ «አንድ ነገር ላስተካክልበት» አልኩ። እኛ ሰፈር ደግሞ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። የመጀመሪያው ቤት እትዬ ሽሮ ሞልተው ሰጡኝ፤ ቀጣዩ ቤት ቋንጣ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ድርቆሽና በሶ። መርዜን ልሰበስብ ወጥቼ ለማኝ መስዬ ተመለስኩ።

የሱቋ ሴት በሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። አረንጓዴው ሳህን ጭኗ ላይ ነው፤ ውስጡ የሎሚ ጭማቂ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ ጣል ተደርጎበት።

«ቲቸር፣ ከሎሚ ሌላ ምንም አይወርድልኝ። በእርስዎ ሳህን ሲሆን ደግሞ ይጣፍጠኛል» አለችኝና ተጎነጨች።

የእርሳስ ጨው ጣፋጭ መሆኑን አስተምሬያለሁ። ቢሆንም «ሳህኑን ላስተካክልልሽ ነበር» ብቻ አልኳት።

«ባዶውንማ አልሰጥዎትም፣ ወላሂ! እናቴ ነገ ከወሎ ማር ይዛ ትመጣለች፤ ኢንሻአላህ ሞልቼ አመጣልዎታለሁ።»

«ግድ የለም» አልኩ። ደግሜ «ግድ የለም» አልኩ። ከዚያ እሺ ብዬ ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ።

ማክሰኞ እናቷ አልመጣችም። ረቡዕም መንገድ ላይ ናት ተባለ። ረቡዕ ዕለት «ሎሚ አታድርጊበት፣ ቀለሙን ያበላሸዋል» አልኳት፤ «ቀለሙ ምን ያደርግልኛል!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በእነዚያ ቀናት እንቅልፍም ምግብም አልነበረኝም፤ የጎደለኝ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ ጓዳ የደረደርኳቸውን ሽሮና ቋንጣ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ነጠላዋን አንስታ «አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ» አለች። ቀድሜያት ወጣሁ።

ለሱቋ ሴት ሁሉንም ነገርኳት፤ ዱቄቱን፣ ምድጃውን፣ ሎሚውን። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሄደን ለሐኪም እንንገር አልኳት። ቶሎ ልናገረው፦ ሳህኑ ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት፤ ልጇ ግን በሰላም ተወለደች። ሐኪሟ «እድገቷን እንከታተላለን» ብላለች፤ እስከ ዛሬ ይከታተሏታል። እስካሁን ደህና ናት ይባላል። ያን ሐሙስ ግን ይህን የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

የሱቋ ሴት ተነሳች። አልጮኸችም፤ ብትጮህብኝ በወደድኩ። ሻርፗን አስተካክላ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«መቼ ነው ያወቁት?»

ማለፍ እችል ነበር። ዛሬ ጠዋት ብል ማን ያውቅብኛል?

«ሰኞ» አልኳት።

«ሰኞ እዚችው ቆመው ስጠጣ እያዩኝ ነበር።»

«አዎ» አልኳት።