ከጠመኔው መስመር በታች

ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስጠግቼ እንድቆም ሲነገረኝ ፎቶ ሊያነሱን መስሎኝ ፀጉሬን አስተካከልኩ።

ከሌላ ከተማ የመጣ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ አሰላ ውስጥ በረኛ እየመለመለ ነበር። ለከተማችን ቡድን ከልጅነቴ ጀምሮ ጎል ላይ የምቆመው እኔ ነኝና፣ ወሬውን የሰማሁ ዕለት ጓንቴን አጥቤ አሰጣሁ። ሜዳ ስደርስ ግን ኳስ የሚባል ነገር የለም። የልብስ መቀየሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ በጠመኔ መስመር ተሰምሯል። ሰውዬው አናቴንና መስመሩን አስተያየ፤ ክንዴን ግራና ቀኝ አስዘርግቶ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካኝ፤ ከዚያም መዳፌን ገልጦ ስንዝሬን ለካ።

"በቃ፣ እህቴ፣ መሄድ ትችያለሽ።"

"ወደ ሜዳ ነው?"

"ወደ ቤትሽ።"

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

"አሰልጣኝ፣ ኳስ ስይዝ እንኳ አላዩኝም'ኮ!"

"ኳስ መያዝ በልምምድ ይመጣል። ቁመት ግን ከየት ላምጣልሽ?"

መሸነፍ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ጭቃ ለብሼ እያለቀስኩ ከሜዳ የወጣሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ኳስ ሳይነኩ መሸነፍ እንዳለ ግን አላውቅም ነበር።

ገና በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ሰውዬው ከውጭ ግንብ ተደግፋ ቆሎ የምትበላ ረጅም ልጅ አየ። በረኛ የሆነችውን የአክስቷን ልጅ ልትሸኝ ከጎረቤት ከተማ ከኢተያ አብራት የመጣች ናት።

"አንቺስ? እስቲ ነይ።"

"እኔ? እኔ'ኮ ሸኚ ነኝ!"

"ግድ የለም፣ ነይ ቁሚ።"

ቆመች። መስመሩ ትከሻዋ አጠገብ ቀረ። በረኛ ሆና ታውቅ እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ትምህርት ቤት መረብ ኳስ ከመጫወቷ በቀር ምንም እንደማታውቅ ነገረችው። "ጥሩ፣ ተመርጠሻል" አላት። "ያ ረቢ!" ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች የደነገጠችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤታችን ድረስ መጣች። "አባቴ ዕድልሽ ነው፣ ሂጂ አለኝ። ግን እንዴት እንደሚቆም እንኳ አላውቅም። አሳዪኝ" አለችኝ። መጀመሪያ የምታሾፍብኝ መሰለኝ። ዓይኗ ላይ ያየሁት ግን ፍርሃት ነበር፤ እሺ አልኳት።

ከጭላሎ ተራራ በኩል በሚወርደው የጠዋት ብርድ ልምምድ ጀመርን። የቡድናችን አጥቂ ኳሷን ቋሚውና አግዳሚው የሚገናኙበት ጥግ ላይ ላከችባት። ያንን ጥግ ስንት ዓመት ዘልዬ አጥቼዋለሁ። ልጅቷ ግን ከመደርደሪያ ዕቃ እንደምታነሳ ሴት እጇን ዘርግታ ኳሷን ያዘችና ወደ እኔ ዞረች።

"እንዲህ ነው?"

ሰውዬውን ስረግመው ነበር የሰነበትኩት፤ ያ የተረገመ ሜትር ውሸታም እንዳልሆነ ዓይኔ እያየ ነው። ሆኖም ሰው እየሮጠ ሲመጣባት ፊቷን አዙራ ዓይኗን ትጨፍናለች። "ኢጃ ኬ በኒ!" እያልኩ በኦሮምኛ እጮህባታለሁ፣ ዓይንሽን ክፈቺ። ዓይኗን ከፍታ ለማየት ስትሞክር ኳሷ አልፋለች።

ወደ ቡድኑ ሄደች። በዓመቱ ቡድኗ ለወዳጅነት ጨዋታ አሰላ መጣ፤ በእነሱ ጎል እሷ፣ በእኛ ጎል እኔ ቆምን። የተሰጠብንን ሪጎሬ አዳንኩ። ተመልሳ የመጣችውንም ኳስ ከአጥቂያቸው እግር ላይ ተወርውሬ አቀፍኳት። የእኛ አጥቂ ብቻዋን ስትደርስባት ልጅቷ እንደ ልማዷ ፊቷን አዞረች፤ አገባን። ሊያልቅ ሲል ግን ከክንፍ የተሻማ ኳስ ከጣቶቼ በላይ አልፎ በግንባር ተገጭቶ ገባብኝ። እሷ ብትሆን ሳትዘል ትይዘው ነበር። አቻ ወጣን።

ሰውዬው ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ ጨበጠኝ።

"እውነቴን ነው፣ እንዳንቺ ያለች ደፋር በረኛ አይቼ አላውቅም" አለና ከንፈሩን መጠጠ። "ምን ያደርጋል! ትንሽ ብትረዝሚ ኖሮ!"

ያን ጊዜ ስላላየኝ ነው ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። አሁን አይቶም ያው ነው።

"አሰልጣኝ፣ አንዷ በላዬ አልፋለች፣ አልክድም" አልኩት። "ያዳንኳቸውስ?"

"ልክ ነሽ" አለ መሬት መሬት እያየ። ከዚያ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግን ስልክ ደወለልኝ። የጠየቀኝ በረኞቹን እንዳሰለጥንለት እንጂ እንድጫወትለት አልነበረም። የኢተያዋ ልጅ የምታውቀውን ሁሉ ከማን እንደተማረች ነግራዋለች።

"ለአሰልጣኝስ ቁመት አይለካም?" አልኩት።

አልሳቀም። እኔም ለማሳቅ ብዬ አልተናገርኩትም።

ሄድኩ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ልጅቷ አንደኛ በረኛ ናት፣ በየወሩም እየተሻሻለች ነው። ልምምድ አልቆ ሌሎቹ ሲበተኑ እኔ ጎል ውስጥ እገባለሁ፣ እሷ ትመታልኛለች። ሰውዬው አንዳንዴ ከዳር ቆሞ ያየናል። የሚያስበውን ጠይቄው አላውቅም።